የ1969 ካማሮ ዜድ 28 ሊገዙ ነው? እውነተኛውን ከተመሳሰለው መለያ ዝርዝር መመሪያ

ሼቭሮሌት በ1969 የሞዴል ዓመት ከ240 ሺህ በላይ ካማሮ ሠርቷል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከነዚህ ውስጥ ዜድ 28 ሆነው ከፋብሪካ የወጡት 20 ሺህ ገደማ ብቻ ናቸው። የቀሩት ከባለ ስድስት ሲሊንደሩ ተራ መኪና እስከ ኃይለኛው ኤስ ኤስ ድረስ ይለያያሉ፤ አካላቸው ግን አንድ ነው። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ዜድ 28 ራሱን የቻለ ሞዴል አልነበረም፤ ገዢው ሲያዝ በባለ ስምንት ሲሊንደሩ ካማሮ ላይ የሚጨመር ጥቅል ነበር። ሻንሲ ቁጥሩም ዜድ 28 መሆኑን አይናገርም። በኮፈኑ ላይ የሚሄዱት ሁለት ሰፋፊ መስመሮች፣ አርማው፣ ቸርኬው፣ የኋላ ክንፉ ዛሬ ሁሉም አዲስ ተሠርተው ይሸጣሉ። ጎበዝ ጋራዥ ተራ ካማሮ ተቀብሎ ዓይን የሚያጠግብ "ዜድ 28" አድርጎ ያስረክባል።

እንዲህ ያለውን መኪና መሥራትም ሆነ መንዳት ነውር የለውም። ተመሳስሎ የተሠራ ነው ተብሎ ከተሸጠና በዚያው ዋጋ ከተገዛ የሚጎዳ ሰው የለም። ጥፋቱ በዋናው ዋጋ መሸጡ ነው። የዋጋው ልዩነት ደግሞ ከፍተኛ ስለሆነ አጭበርባሪዎቹ ሰሌዳ እስከ መቅረጽ፣ የሞተር ቁጥር ፍቀው እንደገና እስከ መምታት ይደርሳሉ።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙ። አንድ ቁጥር ብቻውን፣ አንድ ወረቀት ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። የሚያረጋግጠው በተለያየ ቦታ፣ በተለያየ ቀን፣ በተለያየ ሠራተኛ እጅ የተመቱት ቁጥሮች እርስ በርሳቸው ሲስማሙ ነው። አንዱን ማስመሰል ቀላል ነው፤ ሁሉንም አስማምቶ ማስመሰል ግን እጅግ ከባድ ነው።

ደረጃ 1፦ ከቤት ሳትወጡ

ለሻጩ ደውላችሁ የአምስት ነገሮችን ጥርት ያለ ፎቶ ጠይቁ፦ በክሩስኮቱ ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ሰሌዳ፣ በሞተር ክፍሉ ግድግዳ ላይ ያለውን የአካል ሰሌዳ፣ በሞተሩ ፊት ለፊት የተመታውን ቁጥር፣ ብሎኩ (የሞተሩ ዋና የብረት አካል) ቀልጦ የተቀረጸበትን ቀን፣ እንዲሁም የባለቤትነት ሊብሬውን። እውነተኛ መኪና የያዘ ሰው እነዚህን ፎቶዎች ብዙ ጊዜ አስቀድሞ አንስቶ አስቀምጧቸዋል። "መጀመሪያ ቀብድ አስይዙ" የሚል ሻጭ ከገጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

መኪናውን ለማየት ስትሄዱ ጥሩ የእጅ ባትሪ፣ ትንሽ መስታወት፣ ማግኔት፣ የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይና ለስላሳ ጨርቅ ያዙ። የሽቦ ብሩሽ አትያዙ። የምትፈልጉት ምልክት በጣም ቀጭን ስለሆነ ብሩሹ ራሱ ሊያጠፋው ይችላል። ምሽት ላይ ወይም ዝናብ ሲዘንብ ቀጠሮ አትቀበሉ።

ደረጃ 2፦ ሻንሲ ቁጥሩ

ከ1968 ጀምሮ የካማሮ ሻንሲ ቁጥር በሾፌሩ በኩል በክሩስኮቱ ጫፍ ላይ ተቀምጦ በፊት መስታወቱ በኩል ይታያል። ለ1969 ዜድ 28 ቁጥሩ 12437 ብሎ መጀመር አለበት። የመጀመሪያው 1 ሼቭሮሌት ማለት ነው። 24 ባለ ስምንት ሲሊንደር ካማሮ፣ 37 ባለ ሁለት በር ኩፕ መሆኑን ያሳያል። ቀጥሎ የሚመጣው 9 የሞዴል ዓመቱ ነው። ከዚያ የፋብሪካው ፊደል ይከተላል፦ ኤን ከሆነ ኦሃዮ የሚገኘው ኖርዉድ፣ ኤል ከሆነ ሎስ አንጀለስ። የመጨረሻዎቹ ስድስት አሃዞች ተራ ቁጥር ናቸው፤ በ5 ይጀምራሉ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ወዲያውኑ ይጣላሉ። 24 በሚለው ቦታ 23 ካለ መኪናው ከፋብሪካ የወጣው በስድስት ሲሊንደር ሞተር ነው። 37 በሚለው ቦታ 67 ካለ ደግሞ ጣሪያው የሚታጠፍ ነው፤ የ1969 ዜድ 28 የተሸጠው በኩፕ ብቻ ነበር። በሁለቱም ሁኔታ ወሬው አብቅቷል።

ቁጥሩን ካነበባችሁ በኋላ ሰሌዳውን ራሱን መርምሩ። የተያዘበት ሪቬት ራስ የአበባ ቅጠል የሚመስል ቅርጽ ሊኖረው ይገባል። ተራ ክብ ሪቬት፣ ዙሪያው የተላጠ ቀለም፣ የማስቲሽ ቅሪት፣ የተጣመመ ጠርዝ ካያችሁ ቁሙ። የሻንሲ ሰሌዳን ለማጭበርበር ነቅሎ ወደ ሌላ መኪና ማዛወር በአሜሪካ የፌደራል ወንጀል ነው፤ እንዲህ ያለ መኪና በፖሊስ እጅ ከገባ ገንዘባችሁም አብሮት ይሄዳል። በመጨረሻም ሰሌዳውን ከሊብሬው ጋር አሃዝ በአሃዝ አስተያዩ። የ17 አሃዝ ደንብ የመጣው ከ1981 ሞዴል ጀምሮ ስለሆነ፣ ለዘመናዊ መኪና የምትጠቀሙባቸው የኢንተርኔት የታሪክ ማጣሪያዎች እዚህ ብዙም አይረዷችሁም።

ደረጃ 3፦ የተደበቁት ቁጥሮች

ፋብሪካው ሻንሲ ቁጥሩን በከፊል በአካሉ ላይም በሁለት ስውር ቦታዎች መትቶታል። አንዱ የሞተር ክፍሉንና ጋቢናውን በሚለየው ላሜራ ላይ፣ ከማሞቂያው ሳጥን ሥር ነው። ሌላው ከፊት መስታወቱ በታች፣ የአየር ማስገቢያው ወንፊት ሲነሳ የሚታየው ላሜራ ላይ ነው። ሁለቱንም ለማየት መፍታት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ብዙ ገዢ ዘልሏቸው ይሄዳል። እኔ ግን በመላው መኪና ላይ ካሉት ምልክቶች ትልቁን ክብደት የምሰጠው ለነዚህ ነው። ምክንያቱም ዛሬ ሙሉ የ1969 ካማሮ አካል ከነጣሪያው አዲስ ተመርቶ ይሸጣል። የበሰበሰ እውነተኛ ዜድ 28 ሰሌዳውን ብቻ ሰጥቶ አካሉ በሌላ ሲተካ በክሩስኮቱ ላይ ያለው ቁጥር ፍጹም ትክክል ይሆናል፤ የተደበቁት ግን ወይ አይኖሩም፣ ወይ ሌላ ቁጥር ይነግሯችኋል።

ሻጩ ማሞቂያውን ማስፈታት ባይፈልግ ልትረዱት ይገባል፤ መኪናው የሱ ነው። የመካኒኩን ክፍያ እናንተ እንደምትሸፍኑና ሥራው በሱ ጋራዥ እንደሚሠራ ንገሩት። ቢያንስ የላይኛው ወንፊት ይነሳ። በዚሁ አጋጣሚ የላሜራውን መጋጠሚያ አስተውሉ። የፋብሪካ ብየዳ በእኩል ርቀት የተደረደሩ ትንንሽ ክብ ነጥቦች ናቸው። ረጅም የብየዳ መስመር፣ የመፍጫ ጭረት፣ ማግኔት የማይዝ ወፍራም ስቱኮ በዚህ አካባቢ ካለ አንድ ሰው አንድ ነገር ቆርጧል ማለት ነው።

ደረጃ 4፦ የአካል ሰሌዳው

በሞተር ክፍሉ ግድግዳ ላይ፣ በሾፌሩ በኩል ትንሽ ሰሌዳ አለች። የሞዴሉን ቁጥር፣ የአካሉን ተራ ቁጥር፣ የመቀመጫውን ልባስ፣ የቀለሙን ኮድና መኪናው የተሠራበትን ሳምንት ይዛለች። ሳምንቱ በወር ቁጥርና በፊደል ይጻፋል፦ 02 ሲ ማለት የፌብሩዋሪ ሦስተኛ ሳምንት ነው። ይህን ቀን ጻፉት፤ ለሚቀጥለው ደረጃ ሁሉ መሠረቱ እሱ ነው።

ኖርዉድ ከዲሴምበር 1968 ገደማ ጀምሮ በዚህች ሰሌዳ ላይ ኤክስ የሚል ፊደል ከሁለት አሃዝ ጋር ይመታ ነበር። ኤክስ 77 መደበኛው ዜድ 28 ነው፤ ኤክስ 33 ደግሞ ተጨማሪ የውጭ ማስዋቢያ ያለው ዜድ 28። ሻጮች አዘውትረው የሚያነሱት ኤክስ 11 ግን ዜድ 28ን አያመለክትም፤ ማስዋቢያ ብቻ ያለው ተራ መኪናም ሊሆን ይችላል። ከዚያ ቀን በፊት የተሠራ የኖርዉድ መኪናና ማንኛውም የሎስ አንጀለስ መኪና ይህ ኮድ የላቸውም፤ ስለዚህ ኮዱ መጥፋቱ ብቻውን አይከሰስም። የሎስ አንጀለስ መኪና ላይ ኮዱ ከተገኘ ግን ሰሌዳዋ ሐሰተኛ ናት። ይህችን ሰሌዳ አስመስሎ የሚቀርጽ ሞልቷልና ከቀለሙ ጋርም አመሳክሯት። ለምሳሌ 72 ብርቱካናማው ቀለም ነው። ከመቀመጫ ሥር፣ ከክሩስኮቱ ጀርባ፣ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ልባስ ውስጥ የቀረው የፋብሪካ ቀለም አረንጓዴ ከሆነ አንዱ ዋሽቷል።

ደረጃ 5፦ ሞተሩ

የመኪናው ልብ ያለውም ትልቁ ማጭበርበር የሚፈጸመውም እዚህ ነው፤ ሰዓታችሁን እዚህ አውሉ።

ዜድ 28 የተወለደው ለትራንስ አም ውድድር ነው። ደንቡ ከ5 ሊትር የበለጠ ሞተር አይፈቅድም ነበር። ሼቭሮሌት የ327 ኪዩቢክ ኢንች ሞተርን ሲሊንደር ስፋት ይዞ፣ በውስጡ የ283ቱን ሞተር አጭር ምት (የፒስተን ጉዞ) የሚሰጥ ኮሎ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) አስገባ፤ 302 ኪዩቢክ ኢንች ሆነ። በይፋ 290 የፈረስ ጉልበት ይባል ነበር። ተወዳዳሪው ማርክ ዶናሂዩ በሮጀር ፔንስኪ ቡድን የ1968 እና የ1969 ሻምፒዮናዎችን የወሰደው በዚህ መኪና ነው። ይህ ሞተር ለሌላ ካማሮ አልተሰጠም፤ ስለዚህ የመኪናው ማንነት በአብዛኛው በሱ ላይ ያርፋል።

ኮፈኑን ከፍታችሁ ከፊት ለፊት ስትቆሙ፣ በተሳፋሪው በኩል ካለው ቴስታ (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ፊት፣ ከብሎኩ ጋር አንድ የሆነች ጠፍጣፋ ቦታ ታያላችሁ። ብዙ ጊዜ በዘይትና በአቧራ ተሸፍናለች። ማጽጃውን ነፍታችሁ በጨርቅ ብቻ ጥረጉ። ከዚያ ባትሪውን ከጎን አጋድማችሁ አብሩ፤ ከላይ ከበራ ጥልቀቱ አይታይም።

በመጀመሪያ የምታነቡት የሞተሩን ኮድ ነው፦ ፊደል፣ አራት አሃዝ፣ ሁለት ፊደል። "ቪ 0211 ዲ ዜድ" ካለ፣ ቪ የፍሊንት ሞተር ፋብሪካ ነው፣ 0211 ሞተሩ የተገጣጠመበት ፌብሩዋሪ 11፣ ዲ ዜድ ደግሞ የ1969ኙ 302 መለያ። 302 የተሠራው ፍሊንት ነው፤ ፊደሉ ቲ ከሆነ ቶናዋንዳ የሚባለው ሌላ የሞተር ፋብሪካ ማለት ስለሆነ ስህተት ነው። ሁለተኛው የመኪናው ሻንሲ ቁጥር በከፊል የተመታበት ነው፦ 19 ኤን (ለሎስ አንጀለስ መኪና 19 ኤል) ብሎ ስድስቱን ተራ አሃዞች ያስከትላል። እዚያው ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ወይም ዘይት ማጣሪያው አጠገብ ይገኛል። ስድስቱ አሃዞች በክሩስኮቱ ላይ ካሉት ጋር አንድ መሆን አለባቸው።

አሁን የቁጥሩን ትርጉም ተዉትና አመታቱን ተመልከቱ። የሞተሩ ኮድ የተመታው ሚሺጋን ፍሊንት ውስጥ ነው። ሻንሲ ቁጥሩ የተመታው በሌላ ቀን፣ በሌላ መዶሻ፣ መኪናው በተገጣጠመበት ፋብሪካ ነው። ስለዚህ ሁለቱ በጥልቀት፣ በፊደል ቅርጽና በአሰላለፍ ሊመሳሰሉ አይገባም። ሁለቱም አንድ ዓይነት መጠን፣ አንድ ዓይነት ጥራት ኖሯቸው በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ከተደረደሩ አንድ ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው የመታቸው። የጠፍጣፋዋ ቦታ ገጽም ይናገራል፦ ፋብሪካው ብሎኩን ሲልግ የተዋቸው ጸጉር የመሰሉ ትይዩ ጭረቶች ከፊት ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ ከቁጥሮቹም ሥር ያልፋሉ። ገጹ መስታወት ከመሰለ፣ ጭረቱ ጠመዝማዛ ከሆነ ወይም በጎን ከሄደ አንድ ሰው አሮጌውን ቁጥር ልጎታል። ሞተሩ ለጥገና ተልጎ ጭረቱ በንጽሕና ሊጠፋ መቻሉ እውነት ነው። ያኔ ግን ቁጥሩም አብሮ መጥፋት ወይም መደብዘዝ ነበረበት። ገጹ አዲስ ሆኖ ቁጥሩ ጥልቅና ጥርት ያለ ከሆነ መልሱ ግልጽ ነው።

ቀጥሎ ወደ ሞተሩ ጀርባ ሂዱ። ብሎኩ ከካምቢዮው ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ፣ በሾፌሩ በኩል የቅርጽ ቁጥር፣ በተሳፋሪው በኩል ብሎኩ የተቀረጸበት ቀን አለ። መስታወቷ የምትጠቅመው እዚህ ነው። ለ1969 ዜድ 28 የሚታወቁት የቅርጽ ቁጥሮች 3932386፣ 3956618 እና 3970010 ናቸው። ቀኑ በፊደል ይጀምራል፦ ኤ ጃንዋሪ፣ ቢ ፌብሩዋሪ እያለ እስከ ኤል ይሄዳል፤ ከዚያ ቀኑና የዓመቱ የመጨረሻ አሃዝ። "ኤ 15 9" ጃንዋሪ 15፣ 1969 ነው።

ነው ወይስ ጃንዋሪ 1979? ይህን ወጥመድ ብዙ ሰው አያውቀውም። 3970010 ብሎክ ለተራው 350 ሞተር እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ተቀርጿል፤ የሲሊንደሩ ስፋትም ከ302 ጋር አንድ ነው። አሥር ዓመት የሚያንስ ብሎክ "9" የሚል ቀን ይዞ፣ ፊቱ ተልጎ ዲ ዜድ ተመትቶበት ሊመጣችሁ ይችላል። ስለዚህ የ010 ብሎክ ባገኛችሁ ቁጥር ወደ ጠፍጣፋዋ ቦታ ተመልሳችሁ ጭረቱን በእጥፍ ጥንቃቄ እዩ። ኮሎው የ302 መሆኑ የሚታወቀው የታችኛው የዘይት ገንዳ ሲወርድ ብቻ ነው፤ ዋጋው ከፍ ካለ ይህንንም መጠየቅ ነውር አይደለም።

አሁን ሦስቱን ቀኖች ጎን ለጎን ጻፉ፦ ብሎኩ የተቀረጸበት፣ ሞተሩ የተገጣጠመበት፣ መኪናው የተሠራበት። ቅደም ተከተሉ ይህ ብቻ ነው። በመካከላቸው ጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት መኖራቸው የተለመደ ነው። መኪናው በፌብሩዋሪ ሁለተኛ ሳምንት ተሠርቶ ሞተሩ በማርች ከተገጣጠመ ያ ሞተር በዚያ መኪና ውስጥ አልተወለደም።

ደረጃ 6፦ የቀረው አካል

እዚህ በፍጥነት መሄድ ይቻላል፤ እነዚህ ነገሮች መኖራቸው አያረጋግጥም፣ አለመኖራቸው ግን ያጋልጣል። ዜድ 28 ሁልጊዜ ባለ አራት ማርሽ ማንዋል ነው። ኤር ኮንዲሽነር አልተገጠመለትም። የፊት ፍሬኑ ዲስክ ነው። ዲፈረንሻሉ ክዳኑ በ12 ቡሎን የሚታሰረው ነው፤ ባሌስትራው ደግሞ ባለ ብዙ ቅጠል እንጂ የተራው ካማሮ ነጠላ ቅጠል አይደለም።

ምንጣፉን ገልጣችሁ የማርሽ ዘንጉ የሚወጣበትን ቀዳዳ እዩ፤ በእጅ የተቆረጠ ጠርዝ ራሱን ይናገራል። መኪናው በክሪክ ከፍ ሲል የካምቢዮውን ኮድ አንብቡ። "ፒ 9 ኤ 15 ቢ" ከሆነ ፒ የመንሲ ፋብሪካ፣ 9 ዓመቱ፣ ኤ ጃንዋሪ፣ 15 ቀኑ ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለው ቢ ኤም 21 የሚባለውን ዓይነት ያመለክታል። በካምቢዮውም ላይ ከፊል ሻንሲ ቁጥር አለ። በዲፈረንሻሉ ቱቦ ላይ የተመታውን ቀንም ቀድሞ በጻፋችሁት ዝርዝር ውስጥ ጨምሩ።

ደረጃ 7፦ ወረቀቱ

ሦስት ወረቀቶች ዋጋ አላቸው። አንደኛው የመገጣጠሚያ መስመሩ ትእዛዝ ወረቀት ነው፤ ብዙ ጊዜ በመቀመጫ ስፕሪንጎች ውስጥ ወይም ከነዳጅ ታንኩ በላይ ተሰክቶ ይገኛል። ሁለተኛው ከዋስትና ደብተሩ ጋር ለባለቤቱ ይሰጥ የነበረው ትንሽ የብረት ካርድ ነው፤ የሞተሩን፣ የካምቢዮውንና የዲፈረንሻሉን ኮድ ይይዛል። ሦስተኛው የመጀመሪያው ሻጭ ደረሰኝ ወይም የመስኮት ዋጋ ወረቀት ነው። ሁሉንም አስመስሎ የሚያትም ስላለ ወረቀቱን የምትመዝኑት በብረቱ ነው እንጂ ብረቱን በወረቀቱ አይደለም። ሰነዱ ከብዙ እጅ በፊት የነበሩ ባለቤቶች ስም ካለበት ፈልጋችሁ ደውሉላቸው። መኪናውን በወጣትነቱ የገዛ አዛውንት የሚያስታውሰው ማንኛውም ኮድ የማይሰጠው ነገር ነው።

መኪናው መጀመሪያ የተሸጠው ካናዳ ውስጥ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ፤ ጄኔራል ሞተርስ ካናዳ የዚያን ዘመን መኪኖች መዝገብ አቆይቷል፣ በክፍያ ይሰጣል። ኮዶቹን ለመፍታት ካማሮ ሪሰርች ግሩፕ የሚባለው የአጥኚዎች ስብስብ ያወጣው መረጃ በነጻ ይገኛል።

ሌላ መኪና ከሆነስ?

ዘዴው ያው ነው፤ ማጭበርበሪያው ያለበት ቦታ ግን ይለያያል። ፖንቲያክ ጂ ቲ ኦ በ1964 እና 1965 የሌማንስ ጥቅል ስለነበር ቁጥሩ አይለየውም። ከ1966 እስከ 1971 ሻንሲ ቁጥሩ 242 ብሎ ይጀምራል፤ በ1972 ወደ ጥቅልነት ተመልሷል። ፒ ኤች ኤስ የተባለው ድርጅት የፖንቲያክን የፋብሪካ መዝገብ ቅጂ ስለሚሸጥ ያለሱ ጂ ቲ ኦ መግዛት አያስፈልግም። ሼቬል ኤስ ኤስ ከ1966 እስከ 1968 በ138 ይለያል፤ ከ1969 ወዲህ አይለይም።

ፎርድና ክራይስለር በተቃራኒው የሞተሩን ዓይነት በሻንሲ ቁጥሩ አምስተኛ ምልክት ላይ ያስቀምጣሉ። በ1969 እና 1970 ሙስታንግ ጂ ቦስ 302፣ ዜድ ቦስ 429 ነው። በ1970 ፕሊመዝ ኩዳ ላይ አር 426 ሄሚ ነው። በነዚህ መኪኖች ላይ ሌባው ሞተሩን ትቶ ሰሌዳውን ራሱን ያጠቃል፤ ስለዚህ ደረጃ 2 እና 3 ላይ ብዙ ቆዩ። ለፎርድ ከ1967 ጀምሮ ላሉት ከፋብሪካው መዝገብ የሚወጣ ማርቲ ሪፖርት የሚባል ሰነድ አለ።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት

ሁሉም ከተስማማ በኋላም ቢሆን በዚያ ሞዴል የታወቀ ገለልተኛ መርማሪ ቅጠሩ። ክፍያው ከመኪናው ዋጋ አንጻር ትንሽ ነው። መርማሪውን እናንተ ምረጡ፣ ሻጩ የሚጠቁመውን አይደለም። ዋሽንግተን፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ ወገኖች መኪናው ቴክሳስ ወይም ካሊፎርኒያ ሆኖ በፎቶ ብቻ እንድትገዙ ትጠየቃላችሁ፤ እዚያው ያለ መርማሪ ይሂድላችሁ። ወደ አገር ቤት ለመላክ ያሰባችሁ ካላችሁ ደግሞ ኢትዮጵያ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖችን ማስገባት ከልክላለች።

"ቁጥሩ የሚመሳሰል" የሚለውን የሻጮች ቃል በዝርዝር አስተርጉሙ። ሞተሩ ከዚህ መኪና ጋር የተወለደ ነው ማለታቸው ነው? ወይስ ዓይነቱና ዘመኑ ትክክል የሆነ ሌላ ሞተር? ሁለተኛው ሐቀኛ መልስ ነው፣ ዋጋው ግን ዝቅ ይላል። መልሱን በቃል አትቀበሉ። የሽያጭ ውሉ ላይ ሙሉ ሻንሲ ቁጥሩ፣ የሞተሩ ኮድ ከነከፊል ቁጥሩ፣ "ከፋብሪካ ዜድ 28 ሆኖ የወጣ" የሚል ዐረፍተ ነገር፣ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ሙሉ ገንዘቡ እንደሚመለስ ይጻፍና ሻጩ ይፈርም። ፎቶዎቹን ከውሉ ጋር አያይዙ። ይህን ለመፈረም ካመነታ ቀብዱን አትስጡ፤ ሊብሬው በስማችሁ እስኪዞርም ሙሉውን ክፍያ በባንክ ወይም በአደራ ሒሳብ አቆዩት።